ባዱዋንጂን፦ የስምንቱ ጥለት የጤና እንቅስቃሴ

ባዱዋንጂን ቺጎንግ ተብለው ከሚጠሩት የቻይና ባህላዊ የሰውነትና የትንፋሽ ልምምዶች አንዱ ነው። ስሙ «ስምንት ጥለታም ሐር» ማለት ነው። ስምንት እንቅስቃሴዎች አሉት፤ መሣሪያ አይፈልግም፣ ሁለት እጅ የሚያዘረጋ ቦታ ይበቃዋል፣ ሙሉው 12 ደቂቃ ያህል ይፈጃል። ታይቺ የተባለው ዝግተኛ የቻይና ልምምድ በ1956 እ.ኤ.አ. አጥሮ የተዘጋጀው እንኳ 24 እንቅስቃሴ የሚያስጠና በመሆኑ፣ ጀማሪ መጀመሪያ ባዱዋንጂንን ቢይዝ ይሻለዋል።

ታሪክ

በ1973 በሁናን ግዛት ቻንግሻ ከተማ ማዋንግዱይ በተባለው ስፍራ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ168 ከተዘጋ መቃብር ውስጥ 44 ሰዎች ሲንጠራሩ፣ ሲያጎነብሱና ሲተነፍሱ የሚያሳይ የሐር ሥዕል ወጥቷል። ሥዕሉ ባዱዋንጂንን አያሳይም፤ የዘር ሐረጉን ግን ያሳያል። ስሙ ራሱ በጽሑፍ የሚገኘው በሶንግ ሥርወ መንግሥት ዘመን፣ በ12ኛው ክፍለ ዘመን በኖረው በጸሐፊው በሆንግ ማይ ሥራ ነው። የጦር አዛዡ ዩዌ ፌይ (1103–1142) ለወታደሮቹ አስተማረው የሚለው ወግ በስፋት ይነገራል፤ ማስረጃ አልተገኘለትም። ዛሬ የምናውቃቸው ግጥም መሰል የእንቅስቃሴ ስሞች መልክ የያዙት የቻይና የመጨረሻው በሆነው በቺንግ ሥርወ መንግሥት ማብቂያ ነው።

በ1950ዎቹ ሊዩ ጉይጀን የተባለ ሰው በሄበይ ግዛት በታንግሻንና በበይዳይሄ በመሠረታቸው ማገገሚያዎች ቺጎንግ የሚለው ቃል የሕክምና መጠሪያ ሆኖ ተስፋፋ። በባህል አብዮቱ (1966–1976) ልምምዱ እንደ አሮጌ አጉል እምነት ተወግዞ ተዳፈነ። በ1980ዎቹ ተመልሶ ሲያንሰራራ ደግሞ ከልክ አለፈ፦ ከሩቅ በሽተኛ እፈውሳለሁ የሚሉ «ሊቃውንት» አዳራሽ ሞሉ። በ1999 ልምምድን ከእምነት ያጣመረው ፋሉን ጎንግ የተባለው ቡድን ሲታገድ መንግሥት በቺጎንግ ቡድኖች ሁሉ ላይ ቁጥጥሩን አጠበቀ። ከዚያ በኋላ የአገሪቱ የስፖርት አስተዳደር የጥንት ጽሑፎችን አስመርምሮ በ2003 አራት የጸዱ ልምምዶችን አወጣ፤ የባዱዋንጂኑን ሥራ የመራው የቤጂንግ ስፖርት ዩኒቨርሲቲ ነው። የድሮ አስተማሪዎች «ደረቅ ነው» ይሉታል። ሆኖም የእግር ስፋት፣ የድግግሞሽ ቁጥርና የዓይን አቅጣጫ ሳይቀር ስለሚወስን፣ ማንም ሰው የተማረውን ሊያርምበት የሚችለው ይህ ነው። ከዚህ በታች ያለውም እሱን የተከተለ ነው። በ2020 በዉሃን ጊዜያዊ የኮቪድ ሆስፒታሎች ሕሙማን በአልጋቸው መካከል ይሠሩት ነበር።

አሠራሩ

መነሻው አንድ ነው፦ እግር በትከሻ ስፋት፣ ጉልበት ለቀቅ፣ ክንዶች ሆድ ፊት ትልቅ ኳስ እንዳቀፉ። ከመጨረሻው በስተቀር እያንዳንዱ ስድስት ጊዜ ይደገማል፤ ግራ ቀኝ ያለው ሦስት ሦስት ጊዜ ማለት ነው። ሲከፈትና ሲነሳ ወደ ውስጥ፣ ሲዘጋና ሲወርድ ወደ ውጭ ይተነፈሳል። ጀማሪ ግን ትንፋሹን አይቁጠር፤ እንቅስቃሴውን ለማስረዘም አፍኖ የሚይዝ ሰው ቶሎ ይደክማል፣ ፊቱም ይቀላል።

የመጀመሪያው «ሁለት እጅ ሰማይን ደግፎ ሦስቱን ምድጃ ማስተካከል» ይባላል። ሦስቱ ምድጃዎች የደረት፣ የላይኛው ሆድና የታችኛው ሆድ ክፍሎች ናቸው፤ በዘመናዊ የአካል ጥናት እንዲህ የሚባል ብልት የለም። ጣቶች እምብርት በታች ተቆላልፈው ወደ ደረት ይወጣሉ፣ መዳፍ ተገልብጦ ወደ ላይ ይገፋል፣ ዓይን ይከተላል። ከዚያ ፊት ወደ ነበረበት ተመልሶ፣ ክንድ እንደተዘረጋ ሁለት ሰከንድ ያህል ይቆማል። ብዙ ሰው የሚዘለው ይህችን ቆይታ ነው፤ ያለ እሷ ጎን አይሳብም፣ ክንድ ብቻ ይመላለሳል።

ሁለተኛው ቀስት መሳብ ነው። እግር ሰፋ ብሎ ፈረስ እንደ ጋለበ ሰው ይቆማል፤ አንዱ እጅ ጣቶቹን ቆልምሞ ወደ ትከሻ ይስባል፣ ሌላው አውራና ጠቋሚ ጣቱን ከፍቶ ወደ ጎን ይገፋል። ጉልበት ወደ ውስጥ መታጠፉ ዋናው ስህተት ነው። ጉልበት ከእግር ጣት አቅጣጫ ከወጣ አቋሙ ዝቅ ብሏል ማለት ነውና ከፍ ይደረግ።

ሦስተኛው ለጣፊያና ለጨጓራ አንድ መዳፍ ወደ ላይ፣ ሌላው ወደ ታች የሚገፋበት፣ አራተኛው አንገት ብቻ ዞሮ ወደ ኋላ የሚያይበት ነው፤ በአራተኛው ደረት አይዞርም።

አስቸጋሪው አምስተኛው፣ ራስ የሚናጥበትና ጭራ አጥንት የሚወዛወዝበት ነው። በፈረስ አቋም ክብደት ወደ አንድ ጎን ይሄዳል፣ ደረት ዝቅ ብሎ ወደ ሌላው ጎን ይዞራል፣ ዳሌ በተቃራኒው ይሄዳል። ማጅራት ከጠነከረ ወይም ከተፈጠነ ራስ ማዞር ያስከትላል። ደም ግፊት ያለባቸውና አረጋውያን ክቡን ያሳንሱ፣ ራሳቸውንም ከወገብ በታች አያውርዱ። ስድስተኛው እጅ ከወገብ በጭን ጀርባ ተንሸራቶ ቁርጭምጭሚት የሚደርስበት ሲሆን፣ ሲነሱ ክንድ ይቀድማል፣ ወገብ ይከተላል። የዲስክ መንሸራተት ያለበት ሰው እጁን ጉልበት ላይ ያቁም።

ሰባተኛው አውራ ጣትን ወደ ውስጥ ጨብጦ፣ ዓይን አፍጥጦ ቡጢን በዝግታ መግፋት ነው። ስምንተኛው ሰባት ጊዜ ተረከዝ ማንሳት፦ የእግር ጣቶች መሬቱን ይጨብጣሉ፣ ጥቂት ይቆያል፣ ተረከዝ ግማሹን በዝግታ ወርዶ በቀስታ ይነካል። ጥርስ በስሱ ይገጠማል፣ ንዝረቱ ወደ ራስ ቅል እንዳይወጣ። ተረከዝን በኃይል መጣል ጉልበትንና ወገብን ያሳምማል። ሚዛን የሚከዳው ግድግዳ ይያዝ።

ጥቅሙ

ለደም ግፊት፣ ለጉልበት አርትራይተስና ለእንቅልፍ ጥቅም እንዳለው የሚጠቁሙ ጥናቶች አሉ፤ ብዙዎቹ ትንንሽ ናቸው። ተሳታፊው ምን እየሠራ እንደሆነ ስለሚያውቅም ውጤቱን ማጥራት ይከብዳል። የሐኪም መድኃኒትን አይተካም።

መቆም ለማይችሉ ተቀምጦ የሚሠራ ባዱዋንጂን አለ፤ ዳዎ በተባለው የቻይና እምነት አፈ ታሪክ የማይሞት ቅዱስ ለሚባለው ለዦንግሊ ቹዋን ይሰጠዋል። ይሁን እንጂ የቆመውን ወንበር ላይ መሥራት አይደለም፦ ጥርስን 36 ጊዜ ማንኳኳትና ምራቅን ሰብስቦ በሦስት ጉርሻ መዋጥ የሚገቡበት ራሱን የቻለ ሌላ ሥርዓት ነው።