ዶሜይንና ፍሪላንሰር፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

በግላቸው ለሚሠሩ ዲዛይነሮች፣ ተርጓሚዎችና ፕሮግራመሮች «የራሳችሁ ዶሜይን ይኑራችሁ» ስል የማገኘው መልስ ብዙ ጊዜ ተመሳሳይ ነው። ዶሜይን ማለት ብሮውዘር ላይ የሚጻፈው አድራሻ ነው፤ ስማችሁ፣ ከዚያ «ዶት ኮም» ወይም ሌላ ቅጥያ። መልሶቹን አንድ በአንድ እንያቸው።

«ማኅበራዊ ሚዲያ ላይ ገጽ አለኝ፤ ይበቃኛል»

ብዙ ሰው የሚጎዳው እዚህ ላይ ነው። ገጹ ላይ ያለው ሥራ የእናንተ ነው፤ አድራሻው ግን የሌላ ሰው ነው። ጂኦሲቲስ ሚሊዮኖች የግል ገጻቸውን የሠሩበት ቦታ ነበር። ያሁ እ.ኤ.አ. በ2009 ዘጋው። ጉግል ፕላስ የተባለው የጉግል ማኅበራዊ ሚዲያም በ2019 ለግል ተጠቃሚዎች ተዘጋ። ድርጅቱ ባይዘጋ እንኳ አካውንታችሁ በስህተት ሊታገድ ይችላል። ያኔ ለደንበኞች የሰጣችሁት ሊንክ ሁሉ ባዶ ይሆናል።

የራሳችሁ ዶሜይን ካለ ከኋላው ያለውን እንደፈለጋችሁ ትቀይራላችሁ። ደንበኛው የያዘው አድራሻ ግን ያው ነው። ሚዲያውን ተዉት አላልኩም። ሰው እዚያ ያግኛችሁ፤ ከዚያ ወደ ቤታችሁ ይምጣ።

«ድረ ገጽ ስለሌለኝ ዶሜይን ምን ያደርግልኛል?»

ሁለቱ የተለያዩ ናቸው። ዶሜይን ስሙ ነው። ሆስቲንግ ደግሞ የድረ ገጹ ፋይሎች የሚቀመጡበት ቦታ ነው። ድረ ገጹ እስኪሠራ ድረስ ስሙን አስመዝግባችሁ አሁን ወዳላችሁ ፕሮፋይል እንዲመራ ማድረግ ትችላላችሁ።

«ጂሜይል አለኝ፤ ምን ጎደለኝ?»

ለወዳጅ መልእክት ምንም። ኢንቮይስ ስትልኩ ግን ነገሩ ይለያል። በስማችሁ ነጻ ኢሜይል ማንም ሊከፍት ይችላል። በዶሜይናችሁ አዲስ የኢሜይል አድራሻ የሚከፍተው ግን ዶሜይኑን የሚያስተዳድረው ብቻ ነው። አስመስሎ ለመላክ የሚሞክር አይጠፋም፤ ስለዚህ ኢሜይሉ በእርግጥ ከእናንተ ዶሜይን መምጣቱን ለማረጋገጥ የሚረዱትን፣ ኤስ ፒ ኤፍ፣ ዲኪም እና ዲማርክ የሚባሉትን ሦስት ማስተካከያዎች አስተካክሉ። የእናንተም ኢሜይል ስፓም ውስጥ እንዳይገባ ይረዳሉ።

«ዶሜይን ካለኝ ጉግል ላይ ቀድሜ እወጣለሁ»

አይደለም። የሚያስቀድማችሁ ገጹ ላይ ያለው ይዘት ነው።

«ስሜ ተይዟል»

ከስማችሁ ጋር ሙያችሁን ጨምሩ፣ ወይም ሌላ ቅጥያ ሞክሩ። ስማችሁ በላቲን ፊደል በተለያየ መንገድ የሚጻፍ ከሆነ፣ በስልክ ስትናገሩት ሰው ሳይሳሳት የሚጽፈውን ምረጡ።

«አንዴ ከገዛሁት የእኔ ነው»

ዶሜይን አይገዛም፤ ይከራያል ማለት ይቀላል። ዶት ኮምን በአንድ ጊዜ ማስመዝገብ የሚቻለው ቢበዛ ለ10 ዓመት ነው። ካልታደሰ የተወሰነ የማገገሚያ ጊዜ ይሰጣል፤ ያ ካለፈ ስሙ ይለቀቅና ማንም ያስመዘግበዋል። እንደ ዶት ኮም ላሉ ዶሜይኖች መዝጋቢ ኩባንያዎች ጊዜው ከማለፉ በፊት ሁለት ጊዜ፣ አንድ ወር ገደማ ሲቀረው እና እንደገና አንድ ሳምንት ገደማ ሲቀረው፣ እንዲያስታውሱ ይገደዳሉ። ማስታወሻው የሚመጣው ግን በኢሜይል ነው። ያስመዘገባችሁት ኢሜይል ራሱ በዚያው ዶሜይን ላይ ከሆነ፣ ዶሜይኑ ሲቆም ኢሜይሉም አብሮ ይቆማል። ለመዝጋቢው አካውንት ሌላ ኢሜይል ተጠቀሙ። አውቶማቲክ እድሳቱንም አብሩት።

ሌላም አለ። ድረ ገጽ የሚሠራላችሁ ሰው «ዶሜይኑን እኔ አወጣላችኋለሁ» ብሎ በራሱ ስም ሊያስመዘግበው ይችላል። ብዙ ጊዜ በቅንነት ነው። ከተጣላችሁ ወይም ስልኩን ካላነሳ ግን በወረቀት ባለቤቱ እሱ ነው። አካውንቱ በእናንተ ስም ይከፈት፤ የይለፍ ቃሉም እናንተ ጋር ይሁን። ለሠሪው የሚያስፈልገውን ፈቃድ ለይታችሁ ስጡት፤ ሥራው ሲያልቅ ደግሞ አንሱት።