የቲቪ አቅራቢዋና ሀብታሙ ወንደላጤ፦ ጎንደር ላይ የሚወራውና እውነታው

ሰሞኑን ፒያሳ ቡና ልጠጣ ብሎ የተቀመጠ ሁሉ ሰምቷል። የኛ ሰፈር ልጅ፣ ቲቪ ላይ ፕሮግራም የምታቀርበዋ፣ ከአንድ ወንደላጤ ሰሊጥ ነጋዴ ጋር መሆኗ ከታወቀ ወዲህ ከሊስትሮው እስከ ባጃጅ ሹፌሩ ሁሉም ተንታኝ ሆኗል። ልጅቷ ጓደኛዬ ናት፣ ስማቸውን አልጠራም፣ ግን ወሬው መረን ስለለቀቀ አንዳንዱን ላስተካክል።

«ብሩን አይታ ነው»

ዋናው ወሬ ይሄ ስለሆነ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። የሰሊጥ ሀብት እናንተ እንደምታስቡት ባንክ ተኝቶ ያለ ብር አይደለም። እርሻው መተማ በረሃ ነው፣ ክረምት ሲገባ ይዘራል፣ ለአረምና ለአጨዳ የቀን ሰራተኛ የሚከፈለው ከብድር ነው፣ ያ የምታዩት ክሩዘርና ቤቱ ለዛው ብድር መያዣ ናቸው። መስከረም መጨረሻ ጥቅምት ላይ ታጭዶ ነዶው ቆሞ ይደርቃል፣ ትንሽ ከዘገዩበት ፍሬው ተከፍቶ መሬት ላይ ይራገፋል፣ ከዛ መጋዘን ገብቶ ደረጃ ወጥቶለት በምርት ገበያ ይሸጣል፣ ዋጋ ከወረደ ደግሞ ወረደ ነው ምንም ማድረግ አይቻልም። ነሐሴ ላይ ሰውየው ኪስ ውስጥ ከእናንተ ያነሰ ጥሬ ብር ቢገኝ አይግረማችሁ።

ህጉም አለ። ከጋብቻ በፊት ያፈራው የግሉ ነው፣ ስለፈረመች ብቻ ግማሹ የሷ አይሆንም። የጋራ የሚሆነው ከተጋቡ በኋላ የሚገባው ገቢ ነው፣ የሷ ደሞዝም ጭምር! በትዳር ላይ የተገዛው ንብረት ደግሞ በአንዳቸው ስም ብቻ ቢመዘገብም «የግሌ ነው» ያለው ወገን ካላስረዳ የጋራ ተብሎ ይገመታል። የፌደራሉ የቤተሰብ ህግ በ1992 ወጣ፣ ክልላችንም በ1995 የራሱን አወጣ። ብር አሳዳጅ ብትሆን መጀመሪያ ይሄን ነበር የምትጠይቀው፣ እሷ የጠየቀችው ግን «በዓመት ስንት ወር በረሃ ትቀመጣለህ» ነው።

«ስክሪን ላይ እንደምትታየው ናት»

ኧረ በጭራሽ። ያ ቀይ ኮት ልኳ የመሰለው ከጀርባዋ በልብስ መቆንጠጫ ተይዞ ነው፣ ካሜራው ከፊት ስለሆነ አይታይም። ልብሱ የስፖንሰሩ ነው፣ ቀረጻ ሲያልቅ ተመላሽ። ጥያቄውን በቃሏ የያዘችው ይመስላችኋል፣ ፊት ለፊቷ ጽሁፉ እየሮጠላት ነው፣ ጆሮዋ ውስጥ ደግሞ ዳይሬክተሩ «ፍጠኚ ፍጠኚ» ይላታል። ከዛ ሜካፑን በሶፍት ጠርጋ አዲስ አበባ የታክሲ ሰልፍ ትይዛለች። እዚህ ስትመጣ ከናቷ ጋር ምስር ስትለቅም ነው የምታገኟት፣ ወሬ አዋቂው እሱ ነው፣ ሲያወራ ያመሻል።

«ካገባት ከቲቪ ያስወጣታል»

የ1952ቱ ፍትሐ ብሔር ህግ አንዱ የትዳር ጓደኛ የሌላውን ስራ እንዲቃወም መንገድ ይሰጥ ነበር፣ ያው የሚጎዱት ሴቶቹ ነበሩ፣ በ1992 ቀርቷል። (አማት የምትባል ህግ አልቀረችም፣ እሱ ሌላ ነው።)

«ሀብታም ስለሆነ ሽማግሌ እንኳን አያስፈልገውም»

እዚህ ላይ ነው የሳቅኩት። ሽማግሌዎቹ መጡ፣ «ተቀመጡ» ሲባሉ እንደ ወጉ «ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም» ብለው ቆሙ። እናቷ ስለ መኪናው አንድ ቃል አልተነፈሱም፣ «የማን ልጅ ነው? በናቱስ?» ብቻ። ሰባት ቤት ሲቆጠር የሁለቱም ዘር ደንቢያ ላይ የሚነካካ መሰለ፣ አንድ የሀገር አዋቂ አዛውንት እስኪጠየቁ ተብሎ ቀጠሮ ተሰጠ፣ ያን ሰሞን ሚሊዮን ብር ያለው ሰውዬ በቅድመ አያቱ ስም እንቅልፍ አጣ። በመጨረሻ ዝምድናው የተገኘው ስምንተኛው ላይ ነው፣ ለጥቂት!

«ሰርጉ ዘገየ፣ ቀርቷል ማለት ነው»

ካሌንደር አውጡና እዩት። የሰሊጥ ብር እጅ የሚገባው ህዳርና ታህሳስ ነው፣ ህዳር 15 ደግሞ የነቢያት ጾም ይገባል፣ እስከ ገና ሰርግ የለም። ከገና በኋላ ጥምቀት ነው፣ ከተማው በእንግዳ ይሞላል፣ ሆቴል አይገኝም። የቀረው ከጥምቀት እስከ ዐቢይ ጾም ያለው ጊዜ ነው፣ እሱም ጾሙ እንደገባበት ቀን ከዓመት ዓመት ይጠብባል ይሰፋል፣ እዛ ውስጥ ነው ጎንደር በሙሉ የሚጋባው፣ ፋሲል ግቢ ሙሽራ ሙሽራን እየጠበቀች ፎቶ የምትነሳው። አዳራሽ ስላጡ አልፏቸዋል፣ በቃ ይሄው ነው።

«እንዲህ ያለ ፍቅር ድሮ አልነበረም፣ ቲቪ ያመጣው ነው»

በጎንደር ሰው አፍ ይሄ ሲባል ያሳፍራል። እቴጌ ምንትዋብ አፄ በካፋ ከሞቱ በኋላ በእድሜ የሚያንሳቸውን ግራዝማች ኢያሱን ወደዱ፣ ልጆችም ወለዱ፣ ከተማው «ምልምል ኢያሱ» ብሎ ስም አወጣለት። ያኔም ሃሜተኛ አልጠፋም።

«አብረው ፎቶ አይለጥፉም፣ ተጣልተዋል»

አልተጣሉም። እሱ ፎቶው በወጣ ቁጥር ብድር የሚጠይቀው ዘመድ ስለሚበዛበት ነው፣ ባለፈው አንድ ፎቶ ለጥፋበት ስልኩን ሁለት ቀን ዘግቶ ነው የዋለው።