የሁጎ ሽልማት፦ አንባቢ የሚጠቁመው፣ አንባቢ የሚመርጠው የሳይንሳዊ ልቦለድ ሽልማት

ሁጎ ዎርልድኮን በተባለው ዓመታዊ የዓለም የሳይንሳዊ ልቦለድ ጉባኤ ላይ፣ ባለፈው ዓመት ለወጡ ምርጥ የሳይንሳዊ ልቦለድና የፋንታሲ ሥራዎች የሚሰጥ ሽልማት ነው። የዳኞች ቡድን የለውም። ጠቋሚዎቹም መራጮቹም የጉባኤው አባላት ናቸው፤ አባል ለመሆን ደግሞ ደራሲ ወይም አሳታሚ መሆን አያስፈልግም፣ መዋጮውን የከፈለ አንባቢ ሁሉ አባል ነው። እዚህ የተጠቀሱት ዓመታት፣ ኢትዮጵያዊ መሆናቸው ካልተገለጸ በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጉባኤው በ1939 ኒው ዮርክ ላይ ተጀመረ። ሽልማቱ የመጣው በ1953 በፊላዴልፊያው ጉባኤ ነው፤ በሚቀጥለው ዓመት ሳይሰጥ ቀርቶ ከ1955 ወዲህ በየዓመቱ ይሰጣል። ስሙን የወሰደው ከሉክሰምበርግ ወደ አሜሪካ ከተሰደደው ከሁጎ ገርንስባክ ነው። ገርንስባክ በ1926 ለሳይንሳዊ ልቦለድ ብቻ የቆመ መጽሔት በአሜሪካ የመሠረተ ሰው ነበር። ተሸላሚው የሚወስደው የሚያብረቀርቅ የብረት ሮኬት ነው፤ የሮኬቱ ቅርጽ ያው ሲሆን መቆሚያው ግን በየዓመቱ በአዲስ ንድፍ ይሠራል። ገንዘብ የለውም።

ከሽልማቱ ጀርባ ያለው የዓለም የሳይንሳዊ ልቦለድ ማኅበር ቋሚ ጽሕፈት ቤት፣ ደመወዝተኛ ወይም የበላይ ቦርድ የሌለው ስብስብ ነው። ያለው ሕገ ደንብ ነው። ደንቡን ለመቀየር የቀረበ ሐሳብ በሁለት ተከታታይ ጉባኤዎች በአባላት ስብሰባ መጽደቅ አለበት፤ አንድ ዓመት የተናደደ ሕዝብ ደንቡን እንዳይገለብጥ የተቀመጠ ጥንቃቄ ነው። ጥቆማውን የሚሰበስበው፣ ድምፁን የሚቆጥረውና ውጤቱን የሚያውጀው የዚያ ዓመት አዘጋጅ ከተማ ኮሚቴ ነው፤ ሁሉም በጎ ፈቃደኞች ናቸው። በሚቀጥለው ዓመት ሌላ ከተማ፣ ሌላ ኮሚቴ ይረከባል። የሁጎ ጥንካሬም ድክመትም ከዚህ ይነሣል፤ በመሃል የሚቆጣጠር አካል የለምና።

በጽሑፍ ሥራ ምድቦቹ የሚለዩት በቃላት ብዛት ነው። ከ7,500 ቃላት በታች አጭር ልቦለድ ነው፤ ከ7,500 እስከ 17,500 ኖቬሌት፣ ከዚያ እስከ 40,000 ኖቬላ፣ ከ40,000 በላይ ልቦለድ ይባላል። ፊልምና ቴሌቪዥን በ90 ደቂቃ ይከፈላሉ፦ ከዚያ በላይ የሆነው ረጅም፣ ያላለፈው አጭር። ለተከታታይ መጻሕፍት፣ ለአርታዒዎችና ለሠዓሊዎችም ምድብ አለ። ለሳይንሳዊ ልቦለድ አፍቃሪዎች የተለዩት ምድቦች ሳይጠቀሱ አይታለፉም፤ ስለ ዘርፉ ዜናና አስተያየት በነፃ የሚጽፉ ሰዎች፣ ለአምደኞቻቸው የማይከፍሉ መጽሔቶችና ፖድካስቶች የየራሳቸው ሮኬት አላቸው። አንድ የአፍቃሪዎች መጽሔት ለመታጨት ቢያንስ አራት እትም ያወጣ፣ ከእነዚህም ቢያንስ አንዱ ባለፈው ዓመት የወጣ መሆን አለበት።

አባልነቱ በቅርብ ዓመታት 50 ዶላር ገደማ ያስወጣል፤ በአካል መገኘት ለፈለገ ሌላ ክፍያ ይጨመራል። ጥቆማ ማቅረብ የሚችሉት የያዝነው ዓመትና ያለፈው ዓመት ጉባኤ አባላት ሲሆኑ፣ በመጨረሻው ምርጫ ድምፅ የሚሰጡት የዘንድሮዎቹ ብቻ ናቸው። አባልነት ዘግይቶ የገዛ ሰው የጥቆማው ቀነ ገደብ አልፎት በምርጫው ብቻ ይሳተፋል፤ በየዓመቱ ብዙ አዲስ ገቢ የሚናደድበት ይህ ነው።

አንድ አባል በእያንዳንዱ ምድብ እስከ አምስት ሥራ ይጠቁማል፤ የመጨረሻ ዕጩ የሚሆኑት ስድስት ናቸው። የሥራውን ርዕስ፣ የደራሲውን ስምና ያወጣውን አካል አሟልቶ መጻፍ ይገባል፤ አንድ ሥራ በሦስት ዓይነት አጻጻፍ ሲመጣ ለቅሞ የሚያዋህደው ሰው ነውና። በቴሌቪዥን በኩል ትልቁ ኪሳራ የጥቆማ መበታተን ነው። የአንድ ተከታታይ ድራማ ወዳጆች እያንዳንዳቸው የተለያየ ክፍል ሲጠቁሙ፣ ሁሉም የወደደው ድራማ አንድም ክፍል ሳያስገባ ይቀራል።

ቆጠራው ከ2017 ጀምሮ እንዲህ ይሠራል። እያንዳንዱ ጠቋሚ በአንድ ምድብ አንድ ነጥብ አለው፤ አምስት ሥራ ከጻፈ ለእያንዳንዱ 0.2 ይደርሳል። ነጥቦቹ ተደምረው በነጥብ መጨረሻ የወጡት ሁለት ሥራዎች ይለያሉ። ከሁለቱ የሚወድቀው ግን በጥቆማ ብዛት ያነሰው ነው። እሱ ሲወጣ የጠቋሚዎቹ ነጥብ ለቀሩት ሥራዎቻቸው ይከፋፈላል፣ 0.2 የነበረው 0.25 ይሆናል። ስድስት እስኪቀሩ ይህ ይደጋገማል። ስለዚህ አንድ የሚወዱት ሥራ ብቻ ያለው ሰው ሙሉ ነጥቡን ለእሱ ይሰጣል፣ አምስት የጻፈም ሌሎቹ ሲወድቁበት ነጥቡ ወደ ቀሪው ይሰበሰባል።

ይህ ስሌት የመጣው በ2015 ከደረሰው ነው። በዚያ ዓመት አንድ ወገን የሥራ ዝርዝር አዘጋጅቶ ደጋፊዎቹ ያንኑ እንዲጠቁሙ ቀሰቀሰ። በቀድሞው ደንብ ብዙ ጥቆማ ያገኙ አምስት ሥራዎች በቀጥታ ያልፉ ስለነበር፣ 200 ሰዎች ያንኑ አምስት ቢጽፉ፣ ሌሎቹ 800 ሰዎች የሚወዱት ደግሞ በመቶ ሥራዎች ላይ ቢበተን፣ 200ዎቹ ምድቡን ጠቅልለው ይወስዱታል። የሆነውም ይኸው ነው። አባላቱ መልሳቸውን በመጨረሻው ምርጫ ሰጡ፤ 5,950 ድምፅ ተሰጥቶ በአምስት ምድቦች፣ በምርጫ ወረቀቱ ላይ ከዕጩዎቹ ጋር እንደ አማራጭ የሚቀመጠው «ሽልማት የለም» አሸነፈ። አዲሱ ደንብ በዚያው ጉባኤ ጸደቀ፣ በ2016 ተረጋገጠ፣ በሚቀጥለው ዓመት ሥራ ላይ ዋለ። አሁን 200 ሰዎች ያንኑ አምስት ቢጽፉ እያንዳንዱ ሥራ የሚያገኘው 40 ነጥብ ነው። ነጥባቸው ተቀራራቢ ስለሆነ ከታች ሲደርሱ እርስ በርሳቸው ይጋጠማሉ፣ አንዱ ሌላውን እየጣለ ያልፋል። የተደራጀ ቡድን አንድ ወይም ሁለት ቦታ ማግኘቱ አይቀርም፤ ምድቡን መጠቅለል ግን ይከብደዋል። ከዚህ በላይ ቡድኑን ማግለል ደግሞ ልክ አይሆንም፣ እነሱም አባላት ናቸውና።

በመጨረሻው ምርጫ መራጩ ስድስቱን ዕጩዎች ከ«ሽልማት የለም» ጋር በደረጃ ያስቀምጣል። ከግማሽ በላይ አንደኛ ደረጃ ያገኘ ከሌለ የመጨረሻው ይሰረዝና፣ እሱን አንደኛ ያደረጉት ድምፆች ወደየሁለተኛ ምርጫቸው ይሄዳሉ። አሸናፊው ሲለይ አንድ ፈተና ይቀረዋል፦ ከ«ሽልማት የለም» በላይ ያስቀመጡት ሰዎች ከበታቹ ካስቀመጡት መብለጥ አለባቸው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው። አንድን ሥራ አጥብቆ የሚቃወም መራጭ «ሽልማት የለም» ብሎ ከጻፈ በኋላ ሥራውን ከሥሩ ስድስተኛ ወይም ሰባተኛ አድርጎ ይሞላዋል። «ሽልማት የለም» በቆጠራው ከተሰረዘ ያ ድምፅ ወደ ታች ወርዶ የጠላውን ሥራ ሊያግዝ ይችላል። የማይፈልጉትን ሥራ ቦታውን ባዶ መተው ነው የሚሻለው።

ስሌቱ ደኅና ነው፤ አደጋው ቆጣሪው ላይ ነው። ደንቡ ኮሚቴው ዝርዝር ውጤቱን በ90 ቀናት ውስጥ እንዲያወጣ ያዛል። በ2023 ቻይና ቼንግዱ ላይ የተካሄደው ጉባኤ በኦክቶበር 22 ተጠናቀቀ፣ የጥቆማው አኃዝ ግን የወጣው ቀነ ገደቡ ሊያልቅ ሲል፣ በጃንዋሪ 20 ቀን 2024 ነበር። ሰዎች ሰንጠረዡን ሲያዩ ለዕጩነት የሚበቃ ጥቆማ ያገኙ ሥራዎችና ጸሐፊዎች «ብቁ አይደለም» ተብለው ተሰርዘው አገኙ። አንዱ በዚያው ዓመት የአሜሪካ የሳይንሳዊ ልቦለድ ደራስያን ማኅበር የሚሰጠውን የኔቡላ ሽልማት የወሰደ ልቦለድ ነበር። ምክንያት አልተሰጠም። ከሳምንታት በኋላ ሾልከው የወጡ ኢሜይሎች አስተዳዳሪዎቹ የደራስያንን ፖለቲካዊ አስተያየት፣ በተለይ ቻይናን የሚመለከተውን፣ ሲመረምሩ እንደነበር አሳዩ። የጠቋሚው ፈቃድ ማንም ሳይጠይቀው ተጣለ፤ በሽልማቱ ታሪክ ከዚህ የከፋ እምነት ማጉደል ለማግኘት ይከብዳል። የተገለጠውም አኃዙ እንዲወጣ የሚያስገድድ አንቀጽ ስለነበረ ነው።

የ2024ቱ የግላስጎው ኮሚቴ ያደረገው የዚህ ተቃራኒ ነው። ከ3,813 ድምፅ 377ቱ ለአንድ ዕጩ ታስበው በሐሰተኛ ስም የተገዙ ሆነው አገኛቸው። ከመራጮቹ ስሞች አንዳንዶቹ በአንድ ፊደል ብቻ የሚለያዩ፣ ሌሎቹ ተከታታይ ቁጥሮች ተተርጉመው እንደ ስም የተጻፉ ነበሩ። ኮሚቴው ድምፆቹን ሰርዞ፣ ዕጩው ማወቁን የሚያሳይ ማስረጃ እንደሌለ ጨምሮ፣ ገና ውጤቱ ሳይታወጅ ነገሩን ለሕዝብ ገለጸ።

ዎርልድኮን እስከ ዛሬ አፍሪካ ላይ ተካሂዶ አያውቅም። በ2021 ግን ብዙ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩባት በዋሽንግተን ዲሲ ተካሂዷል። በአማርኛ ለሚጽፍና ለሚተረጉም ሰው የሚጠቅመው አንቀጽ የትርጉም ሥራን የሚመለከተው ነው። የትኛውም ቋንቋ አይከለከልም፤ ከእንግሊዝኛ ውጭ የወጣ ሥራ ደግሞ መጀመሪያ በታተመበት ዓመት ባይታጭ፣ በእንግሊዝኛ ሲወጣ እንደገና ብቁ ይሆናል። የቻይናዊው ደራሲ የሊዩ ትሲሺን ልቦለድ በቻይንኛ መጽሐፍ ሆኖ የታተመው በ2008 ሲሆን፣ የእንግሊዝኛው ትርጉም በ2014 ወጣ፣ በ2015 አሸነፈ። በልቦለድ ምድብ ያሸነፈ የመጀመሪያው የትርጉም ሥራ ነው። ስለዚህ ከአማርኛ የሚተረጉም ሰው የእንግሊዝኛውን ቅጂ በጃንዋሪ ቢያወጣው አንባቢ ለማግኘት ዓመቱ ሙሉ አለው። በዲሴምበር መጨረሻ ያወጣው ግን ጥቆማ ከመጀመሩ በፊት የሚያነብለት ሰው አያገኝም። የቃላቱንም ብዛት ደግሞ መቁጠር ይገባዋል፤ የአማርኛ ጽሑፍ በእንግሊዝኛ ቃላቱ ስለሚበዙ፣ 6,000 ቃላት የነበረው አጭር ልቦለድ ኖቬሌት ሆኖ ሊገኝ ይችላል።

በአማርኛው ቅጂ ለሚጠቆም ሥራ ደግሞ ቀኑ አስቸጋሪ ነው። ብቁነት የሚለካው ከጃንዋሪ 1 እስከ ዲሴምበር 31 ነው፣ የእኛ መጻሕፍት ግን «2017 ዓ.ም.» ብለው ብቻ ያልፋሉ። በዚያ የኢትዮጵያ ዓመት እስከ ታኅሣሥ 22 የወጣ መጽሐፍ የ2024 ነው፤ ከታኅሣሥ 23 ወዲህ የወጣው የ2025። ወሩ በመጽሐፉ የኅትመት መረጃ ገጽ ላይ ከሌለ ጠቋሚው በየትኛው ዓመት እንደሚያስገባው አያውቅም፤ አንዱ ዘንድሮ ሌላው ለከርሞ ቢጠቁመው ጥቆማው ለሁለት ይከፈላል። አሳታሚው የሕትመቱን ወርና የአውሮፓውያኑን ዓመት ጎን ለጎን ቢጽፍ ችግሩ ይወገዳል።