ኮምፔንሳቶ ነው ብላችሁ አትናቁት፦ ስለ አርችቶፕ ጊታር የሚወሩ ስሕተቶች

ጊታር እጠግናለሁ። ቤቴ ብሔራዊ ቴአትር ጀርባ ነው። ከሚመጡት ሰዎች ግማሹ ለሥራ ይመጣል፣ ግማሹ ለወሬ። ወሬው ደግሞ ከጥቂት ዓመታት ወዲህ አንድ ሆኗል፤ አርችቶፕ። አንዱን አሜሪካ ያለ ወንድሙ በትእዛዝ ሊያሠራለት ነው። አንዷ ለዓመታት አጠራቅማ ልታሠራ ነው። እሰየው ነው፤ ጥሩ ዕቃ ሀገር ውስጥ ሲገባ ማን ይጠላል? የሚያንገበግበኝ ሌላ ነው። ሁሉም ተመሳሳይ ነገር እየደጋገመ ይነግረኛል፤ አብዛኛው ልክ አይደለም፤ ልክ አይደለም ስል ደግሞ ቅናት ይመስላቸዋል።

ለማያውቀው ባጭሩ፦ አርችቶፕ ፊቱ እንደ ቫዮሊን ጎበጥ ያለ ጊታር ነው። መሀሉ ላይ ክብ ቀዳዳ የለውም፤ በግራና በቀኝ ሁለት የኤፍ ቅርጽ ያላቸው ቀዳዳዎች አሉት። ክሮቹ ፊቱ ላይ የቆመውን ድልድይ፣ ብሪጁን፣ ረግጠው ያልፉና ጭራው ላይ ቴይልፒስ የሚባለው ላይ ይታሰራሉ። አሜሪካዊው ኦርቪል ጊብሰን በ19ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ፊቱን ከወፍራም እንጨት እየፈለፈለ መሥራት ጀመረ። በስሙ የተቋቋመው ኩባንያ በ1922 ኤል-5 የተባለውን ባለ ኤፍ ቀዳዳ ጊታር አወጣ። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው።) ዛሬ በትእዛዝ የሚሠራው አብዛኛው አርችቶፕ የዚያ ዘር ነው።

ቀላል ቀላሉን ቶሎ ልጨርሰው።

«ወርቅ የተቀባ ብረት ድምፅ ያሳምራል።» አያሳምርም። ላብ ይበላዋል።

«ነብርማ ሜፕል ይበልጥ ይዘምራል።» ሜፕል እንጨት ነው፤ ነብርማ መስመሩ ለዓይን ነው። አሜሪካዊው ጊታር ሠሪ ቦብ ቴይለር በ1995 ከተጣለ የዕቃ መጫኛ ፓሌት ጊታር ሠርቶ አሳይቷል። ጀርባና ጎኑ የፓሌት ኦክ ነበር፤ ፊቱ ተራ የግንባታ ጣውላ። አርችቶፕ አልነበረም፤ ነገሩ ግን ያው ነው። እጅ ከእንጨት ይበልጣል። በዋንዛ ይሠራልኝ የሚሉም አሉ። ለጀርባና ለጎን ይሞከር፣ አልከለክልም፤ በደንብ የደረቀ ከሆነ ብቻ።

«የአንገቱን ብረት ማዞር ክሩን ዝቅ ያደርጋል።» አንገቱ ውስጥ ያለው ያ ብረት የአንገቱን ጉብጠት ማስተካከያ ነው። የክር ከፍታ የሚስተካከለው ብሪጁ ላይ ነው። እባካችሁ ካቻቪቴውን አስቀምጡት።

«ትልቅ ሲሆን ይሻላል።» ጊብሰን 18 ኢንች ስፋት ያለውን ሱፐር 400 በ1934 ሲያወጣ ጊታሪስቱ ከእነ መለከትና ሳክስፎን ጋር ያለ አምፕ (ያለ ድምፅ ማጉያ) ነበር የሚታገለው። እናንተ አምፕ አላችሁ። ቁመታችሁ አጠር ያለ ከሆነ 18 ኢንች ታቅፋችሁ ሁለት ሰዓት ስትጫወቱ ትከሻችሁ ይነግራችኋል። 16 ኢንች ይበቃል።

አሁን ወደ ዋናው።

«ከሙሉ እንጨት ያልተፈለፈለ አርችቶፕ አይባልም፤ ኮምፔንሳቶ የርካሽ ነው።»

ይህን ስሰማ ደሜ ይፈላል። የሚናገረው ሰው ብዙ ጊዜ ሁለቱንም አጠገብ ለአጠገብ ሰምቶ አያውቅማ።

ፊቱ የሚሠራው በሁለት መንገድ ነው። አንደኛው ስፕሩስ የሚባል ወፍራም እንጨት ወስዶ በመሮ፣ በመላጊያና በብርጭቆ ወረቀት መፈልፈል ነው። መሀሉ ይወፍራል፣ ወደ ዳሩ ይሳሳል፤ ሠሪው ውፍረቱን እየለካ፣ በጣቱ እያንኳኳ ያወርደዋል። ብዙ ቀን ይፈጃል፤ ዋጋውም የሚወደደው በዚህ ነው። ሁለተኛው ስስ ንጣፎችን በኮላ ደራርቦ፣ ቅርጽ ላይ አስተኝቶ በመጭመቂያ መጫን ነው። ያለ አምፕ ካሰማችሁኝ የመጀመሪያው ይጎላል፣ ይከፈታልም። እዚህ ላይ ክርክር የለኝም። ጊታሪስቱ ፍሬዲ ግሪን ከ1937 ጀምሮ በካውንት ቤዚ የጃዝ ባንድ ውስጥ ያለ አምፕ ይመታ ነበር። በዚያ ሁሉ ነሐስ መሣሪያ መሀል ያ ኮርድ ባንዱን ይዞት ይሄዳል። የተፈለፈለ ፊት ለዚህ ነው የተፈጠረው።

እሺ፣ አሁን ያንኑ ጊታር እኛ መድረክ ላይ አውጡት። ጣራው ዝቅ ያለ ነው። አምፑ ከጀርባችሁ፣ ድራመሩ ክርናችሁ ሥር፣ ሞኒተሩ ፊታችሁ ላይ። በትንሽ ግፊት እንዲንቀሳቀስ ተብሎ የተሳሳው ፊት ከስፒከሩ የሚመጣውንም ድምፅ ይቀበላል። ስፒከሩ ፊቱን ያንቀጠቅጣል፣ ፊቱ ክሩን፣ ክሩ በፒካፑ (የክሩን ንዝረት ወደ ኤሌክትሪክ በሚቀይረው ማግኔት) አልፎ ተመልሶ ስፒከሩን። ፊድባክ የምንለው ይኸው ነው። የኮምፔንሳቶ ፊት ግትር ስለሆነ ለዚህ ነገር ቶሎ እጅ አይሰጥም።

ጊብሰን ይህን ስለገባው በ1949 ኢኤስ-175ን አወጣ። ፊቱ ተደራርቦ የተጫነ ሜፕል ነው፤ በእኛ ቋንቋ ኮምፔንሳቶ። ስሙን ያገኘው ከዋጋው ነው፤ 175 ዶላር። የጃዝ ጊታሪስቶቹን ውሰዱ፤ ጆ ፓስ በሱ ተጫውቷል። ጂም ሆል በሱ ተጫውቷል። ታዲያ ያ ሞቅ ያለ፣ ክብ የሆነ፣ «እውነተኛ የጃዝ ድምፅ» እያላችሁ ስልካችሁን ከፍታችሁ የምታሰሙኝ ነገር ከምን የወጣ መሰላችሁ?

አንድ ልጅ አለ፤ ጎበዝ ተጫዋች ነው። አክስቱ ከሜሪላንድ 17 ኢንች የተፈለፈለ፣ ተንሳፋፊ (ፊቱን የማይነካ) ፒካፕ ያለው ጊታር አሠርታ ላከችለት። ዕቃው ዓይን ያፈዛል። ሆቴል ውስጥ ከባንድ ጋር ይሠራ ነበርና ይዞት ገባ። በሳምንቱ መጥቶ «ጋሼ፣ ፒካፑን ቀይርልኝ፤ ይጮሃል» አለኝ። ሳየው በኤፍ ቀዳዳዎቹ ካልሲ ጠቅጥቆባቸዋል። አንዱ ጥቁር፣ አንዱ ግራጫ።

«ፒካፑ ምን አደረገህ?» አልኩት።

«ታዲያ ምኑ ነው?»

«ምኑም አይደለም። ጊታሩ የተሠራለትን ሥራ እየሠራ ነው። አንተ ነህ ሌላ ሥራ የሰጠኸው።»

ካልሲውን አወጣንና ለቀዳዳዎቹ ልክ ስፖንጅ ቆረጥኩለት። አምፑን ከጀርባው ወደ ጎን እንዲያዞር፣ ቤዙን እንዲቀንስ ነገርኩት። ተሻለው፣ ግን አልዳነም። በመጨረሻ ከጓደኛው ያረጀ የኮምፔንሳቶ ጊታር ተውሶ በዚያ መሥራት ጀመረ። የአክስቱ ጊታር ከአንድ ዘፋኝ ጋር ለሁለት ብቻ ሲጫወቱ ይወጣል። እዚያ ላይ ወደር የለውም።

የዚሁ እህት የሆነች ሌላ ወሬ አለች፦ «ፊቱን ቀዶ ፒካፕ መትከል ጊታሩን መግደል ነው።» ጊብሰን በ1951 የተፈለፈለውን ኤል-5 ፊቱን ቀዶ ሁለት ፒካፕ ተከለበት። በዚህ ዓይነት ጊታር ነው የጃዝ ጊታሪስቱ ዌስ ሞንትጎመሪ የተጫወተው። ገድሎት ከሆነ ጥሩ አሟሟት ነው። ፊቱ ሲቀደድና ክብደት ሲጨመርበት ያለ አምፕ የሚሰጠው ድምፅ ይቀንሳል፤ በምትኩ መድረክ ላይ ጨዋ ይሆናል። ተንሳፋፊው ፒካፕ ከአንገቱ ጫፍ ወይም ፊቱን ከጭረት ከሚጠብቀው ሳህን፣ ከፒክጋርዱ፣ ላይ ተንጠልጥሎ ፊቱን አይነካም። ለጸጥተኛ ቦታ ግሩም ነው።

ስለዚህ ልታሠሩ ከሆነ ለሠሪው ከሁሉ በፊት የት እንደምትጫወቱ ጻፉለት። ቤት ውስጥ ወይም ከድምፃዊ ጋር ለሁለት ከሆነ የተፈለፈለ፣ ተንሳፋፊ ፒካፕ። ድራም ካለበት ባንድ ጋር ከሆነ ኮምፔንሳቶ፣ ወይም ወፈር ተደርጎ የተፈለፈለና ፒካፑ የተተከለበት። ፒካፑ መደበኛ መጠን ያለው ሃምበከር (ባለ ሁለት ጥቅል ፒካፕ) ይሁን፤ ልዩ መጠን ከሆነና ከተበላሸ እዚህ ምትክ አታገኙም። ማቃኛዎቹም በየትም የሚገኙ ዓይነት ይሁኑ። መለዋወጫ የብሪጅ አናት (ክሮቹ የሚያርፉበት የላይኛው ክፍል) ሳጥኑ ውስጥ ያስገባላችሁ፤ ለሱ ትንሽ ነገር ናት፣ ለእናንተ ግን የስድስት ወር ጥበቃ።

ወደ ክር እንምጣ። «የእንጨት ጊታር ስለሆነ የነሐስ ክር ነው የሚገባለት» ይላሉ። ማግኔት ፒካፕ ነሐስ አይሰማም። የሚሰማው ውስጡ ያለውን የብረት ሽቦ ብቻ ነው። ስለዚህ ወፍራሞቹ ክሮች ይደክማሉ፣ ሽቦ ያልተጠመጠመባቸው ልሙጦቹ ሁለቱ ቀጭኖች ብቻቸውን ይጮሃሉ። ፒካፕ ካለው ኒኬል ወይም ብረት አድርጉ።

በተቃራኒው ደግሞ «አርችቶፕ ያለ ወፍራም ፍላትዋውንድ አይሆንም» የሚሉ አሉ፤ ፍላትዋውንድ ጠፍጣፋ ሽቦ የተጠመጠመበት ክር ነው። ለነማን? ባቲ ወይም አንቺሆዬ የሚጫወት ሰው ክር ይጎትታል፣ ያንሸራትታል፣ ያንቀጠቅጣል። በ13 ፍላትዋውንድ (ቁጥሩ የቀጭኑ ክር ውፍረት ነው፣ በሺኛ ኢንች)፣ ሦስተኛው ክር ሽቦ የተጠመጠመበት ሆኖ፣ ይህን ይሞክርና ጣቱን ያሳየኝ። 11 አድርጉ፣ ሦስተኛውም ልሙጥ ይሁን፤ ማንም አይከሳችሁም። ግን አንድ ነገር አለ። የእንጨት ብሪጅ አናቱ ደረጃ ደረጃ ሆኖ የተቆረጠው ብዙ ጊዜ ለተጠመጠመ ሦስተኛ ክር ነው። በዚያ ላይ ልሙጥ ካደረጋችሁ አንገቱ ላይ ወደ ላይ በወጣችሁ ቁጥር ያ ክር ብቻውን ከቅኝት ከፍ ይላል። ስታዝዙ «አናቱን ለልሙጥ ሦስተኛ ክር ቁረጥልኝ» በሉት። የያሬድ ተማሪዎች ጆሯቸው ስለታም ነውና ይህን ቶሎ ይይዙታል፤ ጥፋቱን ግን ሁልጊዜ ማቃኛው ላይ ነው የሚጥሉት።

ብሪጁ የእንጨት ይሁን የብረት? የብረቱ ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል፣ እያንዳንዱንም ክር ለየብቻ ያስተካክላል። የእንጨቱ ሞቅ ይላል። ሁለቱም ልክ ናቸው። ቴይልፒስም እንዲሁ፤ ከባድ ነሐስ ድምፅ ያረዝማል የሚለውን አልቀበልም። የኒውዮርኩ ሠሪ ጂሚ ዳኪስቶ ብረቱን ትቶ ወደ ኢቦኒ እንጨት የሄደው ቀለል እንዲል ነው።

«ክረምት ላይ ጊታሬ ተበላሸ።» አልተበላሸም። እርጥበት ሲገባበት የጎበጠው ፊት ያብጣል፣ ብሪጁን ወደ ላይ ይገፋል፣ ክሩ ይርቃል። በበጋ ይሰበሰብና ክሩ ፍሬት (አንገቱ ላይ የተደረደሩት ብረቶች) ላይ ዝዝ ይላል። ብሪጁ ሥር ሁለት ትንንሽ ጎማ መሳይ ብረቶች አሉ፤ እነሱን ማዞር ነው። በየሐምሌውና በየጥር ወሩ ለዚህ ብቻ የሚመጡ አሉ። ገንዘባቸውን እቀበላለሁ፤ ግን በጣት የሚሠራ ሥራ ነው። ከበጋው ድርቀት ግን ተጠንቀቁ፤ የሚሰነጥቀው እሱ ነው። ከሳጥኑ ውጭ ግድግዳ ላይ አትስቀሉት።

በመጨረሻ፣ «ብሪጁ ይነቃነቃል፣ በደንብ አልተጣበቀም።» መጣበቅ የለበትም! በክሮቹ ጫና ብቻ ነው የሚቆመው። አንድ ሰው የወንድሙን ልጅ አዲስ ጊታር ይዞ መጣ፤ ሠፈር ያለ አናጺ ብሪጁን በኮላ አጣብቆለታል፣ ያውም ከቦታው ፈቀቅ ብሎ። ሳላቅቀው ከፊቱ ላይ ቀለምና ጥቂት ስፕሩስ አብሮ ተነሣ። ክር ስትቀይሩ አንድ በአንድ ቀይሩ፤ ስድስቱንም ባንዴ ከፈታችሁ ብሪጁ ይወድቃል። ከወደቀ ደግሞ አትደናገጡ። በማቃኛዎቹ በኩል ክሮቹ ከሚያርፉበት ከአንገቱ አናት እስከ 12ኛው ፍሬት ለኩና ያንኑ ርቀት ከፍሬቱ ወደ ብሪጁ ድገሙት። ቃኙት። ከዚያ 12ኛው ፍሬት ላይ ሃርሞኒኩን (ክሩን ሳትጫኑ በስሱ ነክታችሁ የምታወጡትን ድምፅ) እና ተጭናችሁ ያወጣችሁትን ድምፅ አወዳድሩ። የተጫናችሁት ከፍ ካለ ብሪጁን ወደ ጭራው፣ ዝቅ ካለ ወደ አንገቱ ገፋ አድርጉት። ሲስማማ በሁለቱም ጫፍ በትንሽ የወረቀት ፕላስተር ምልክት አድርጉ። ኮላውን ለአናጺው መልሱለት።