የተሰበረ የቫልቭ ሞላ፦ ዙር በሚወድ ሞተር ላይ እንዴት ይታወቃል?

ሞተሩ ሚኒሞ ላይ (ቤንዚን ሳይረገጥ ዝም ብሎ ሲዞር) እንደ ሰዓት ይሠራል። ከተማ ውስጥ ሲነዱት ምንም አይልም። ዙሩ ከፍ ሲል ግን ጉልበቱ ድንገት ይጠፋል፣ ሚስ ያደርጋል (አንዱ ሲሊንደር ሳያቃጥል ያልፋል)፣ የሞተር መብራቱ ብልጭ ድርግም ይላል። እግር ከቤንዚን ሲነሳ ተመልሶ ሰላም ነው። ካንዴላ ይቀየራል፤ ያው ነው። ለካንዴላው ኤሌክትሪክ የሚሰጠው ቦቢና ይቀየራል፤ ያው ነው። እንዲህ ካሉ መኪኖች ጀርባ አንዳንድ ጊዜ የተሰበረ የቫልቭ ሞላ አለ። አብዛኛውን ጊዜ መጨረሻ ላይ የሚጠረጠረውም እሱ ነው፤ የሞተሩ የላይ ክዳን ካልተከፈተ አይታይማ።

ሞላ የሚለውን ቃል ጋራዦቻችን ከጣሊያንኛ ነው የወረሱት፤ እንደ ካንዴላ፣ እንደ ቴስታታ (ቫልቮቹን የሚይዘው የሞተሩ ራስ)፣ እንደ ፍሪሲዮን። ሥራው ሲያወሩት ቀላል ነው። ካምሻፍቱ (ጥርስ ያለው ተሽከርካሪ ዘንግ) ቫልቩን፣ ማለትም የሲሊንደሩን የአየር ማስገቢያ ወይም የጭስ ማውጫ በር፣ ገፍቶ ይከፍታል፣ ሞላው መልሶ ይዘጋል። ካምሻፍት የሚያውቀው መግፋት ብቻ ነው። የመመለሱ ጣጣ የሞላው ነው።

ጣጣው ምን ያህል እንደሆነ ለማየት ሆንዳ ኤስ2000ን እንውሰድ። እ.ኤ.አ. በ1999 የወጣ ባለ ሁለት ወንበር መኪና ነው። የመጀመሪያው ሞተሩ ሁለት ሊትር፣ አራት ሲሊንደር፣ 16 ቫልቭ፣ ያለ ተርቦ፤ ቀዩ መስመር (ሞተሩ ማለፍ የሌለበት ዙር) የሚጀምረው ግን 9,000 ላይ ነው። በደቂቃ 9,000 ዙር ማለት በሰከንድ 150 ነው። ካምሻፍት በግማሽ ፍጥነት ስለሚዞር እያንዳንዱ ቫልቭ በሰከንድ 75 ጊዜ ይከፈታል፣ ይዘጋል። «ጤና ይስጥልኝ» ብለው እስኪጨርሱ ሰባ አምስት ጊዜ። ሞላው ከደከመ ወይም ከተሰበረ በዚህ ፍጥነት ካምሻፍቱን ተከትሎ መመለስ ያቅተዋል። ቫልቩ ሳይዘጋ ይቀራል ወይም የሚያርፍበት ቦታ ላይ እየነጠረ ይመታል። ያ ሲሊንደር ጋዙን መያዝ አይችልም። ከባሰ ደግሞ ፒስተኑ ወደ ላይ ሲመጣ ቫልቩን ያገኘዋል።

ፎርሙላ ዋን ይህን ችግር ሞላውን ራሱን በመጣል ነው የፈታው። ሬኖ እ.ኤ.አ. በ1986 ቫልቭ የሚመልሰውን የብረት ሞላ በታመቀ ጋዝ ተካው። ለእኛ መኪኖች ግን አሁንም ብረት ነው።

ብረት ደግሞ ይሰለቻል። ሽቦው ላይ ያለች ጭረት ወይም ቆሞ በከረመ ሞተር ውስጥ የወጣች የዝገት ነጥብ የስንጥቅ መነሻ ትሆናለች። በተወሰነ ዙር ላይ ሞላው ራሱ እንደ ክራር ክር ይርገበገባል፤ ይህም ድካሙን ያፋጥነዋል። ቫልቩን የበለጠ የሚያነሳ ካምሻፍት ገጥሞ የፋብሪካውን ሞላ መተውም ሌላ ጥፋት ነው። ሞላው ሙሉ በሙሉ ሲታመቅ ጥምጥሙ እርስ በርሱ ይነካካና መሄጃ ያጣል።

ከሁሉ የከፋው ግን የተሳሳተ ማርሽ ነው። የኤስ2000 ሦስተኛ ማርሽ 1.481 ነው፣ ሁለተኛው 2.045። ሾፌሩ በሦስተኛ 8,500 ዙር ላይ ሆኖ አራተኛ ሊያስገባ ሲል በጥድፊያ ሁለተኛ ቢያስገባ፣ ፍሪሲዮኑ ሲለቀቅ ጎማው ሞተሩን ወደ 11,700 ዙር ይጎትተዋል። ኮምፒውተሩ ቤንዚን ሊያቋርጥ ይችላል፤ በጎማ የሚጎተትን ሞተር ግን ማቆም አይችልም። በዚህ መኪና ላይ ብዙ ጊዜ የሚሰነጠቀው ሞላው ሳይሆን ከላይ የሚይዘው ትንሽ ቆብ ነው። ስለዚህ አሮጌ ኤስ2000 የሚገዛ ሰው ክዳኑን አስከፍቶ ቢያይ አይጎዳም። ቆቡን ከቫልቩ ጋር የሚያያይዙት ሁለት ግማሽ ቀለበቶች በአሥራ ስድስቱም ላይ እኩል መቀመጥ አለባቸው። አንዱ ጋ ወደ ውስጥ ሰምጠው ከታዩ ያ ቆብ ተሰንጥቋል።

ወደ ምርመራው ስንመጣ መጀመሪያ ቀላሉ ይቅደም። ዘይት ይለካ። የኤስ2000 ሞተር 6,000 ዙር አካባቢ ቫልቩን የበለጠ ወደሚያነሳው ትልቁ የካም ጥርስ የሚሻገረው በዘይት ግፊት ነው፤ ዘይት ሲያንስ ላይሻገር ይችላል፣ ምልክቱም ያሳስታል። ቀጥሎ የመኪናው ኮምፒውተር የመዘገበው የብልሽት ኮድ ይነበብ። ፒ 0302 ካለ ሚስ የሚያደርገው ሁለተኛው ሲሊንደር ነው። ቦቢናውንና ካንዴላውን ከሦስተኛው ጋር አቀያይሮ መንዳት ነው። ኮዱ ወደ 0303 ከተዛወረ ተገላገላችሁ። እዚያው ከቀረ ነገሩ ወደ ውስጥ ነው፤ ቤንዚን የሚረጨው ኢንጀክተርም ገና ነጻ አልወጣም።

ብዙዎችን የሚያሳስተው የኮምፕሬሽን (ሲሊንደሩ አየር ሲያምቅ የሚፈጥረው ግፊት) ልኬት ነው። በሞተሪኖ (በማስነሻው) ሲዞር ሞተሩ በደቂቃ ጥቂት መቶ ዙር ብቻ ነው የሚዞረው። ለዚህ ፍጥነት የተሰበረ ሞላም ይበቃል፣ በተለይ እንደ ኤስ2000 ውስጥና ውጭ ሁለት ሞላ ካለ። አራቱም ሲሊንደር እኩል ያነባል፣ መካኒኩም «ሞተሩ ጤነኛ ነው» ይላል። አልዋሸም፤ በዚያ ዙር ጤነኛ ነው። ሲሊንደሩ አየር ተሞልቶ ማፍሰሱ የሚታይበት ልኬትም እንዲሁ ነው፤ የታጠፈ ወይም የተቃጠለ ቫልቭ ያጋልጣል እንጂ ለደከመ ሞላ ብዙ አይረዳም።

ከሁለቱ የተሻለ የሚናገረው ሞተሩ አየር የሚስብበትን ኃይል የሚለካው የቫኪዩም ጌጅ ነው። ሚኒሞ ላይ መርፌው ይረጋል፤ ዙሩ በጨመረ ቁጥር መወዛወዙ እየሰፋ ከሄደ ሞላ ይጠረጠራል። ጆሮም ይረዳል። በአየር ማስገቢያው በኩል ተኩስ ከተሰማ የማስገቢያው ቫልቭ፣ በማርሚታ በኩል ከሆነ የማውጫው ነው ተጠርጣሪው። ከክዳኑ ሥር የሚሰማ ቀጭን ቶክ ቶክ ከተጨመረ መክፈት ነው።

ክዳኑ ሲነሳ የእጅ ባትሪ፣ ትንሽ መስታወትና ጫፉ የታጠፈ ሽቦ ይበቃል። የካሙ ጥርስ ከቫልቩ እንዲርቅ ሞተሩ በእጅ ይዞራል፤ ከዚያ እያንዳንዱ ሞላ በሽቦው ይነካካል። ደህናው አይነቃነቅም። የተሰበረው ይላወሳል፣ አንዳንዴም ሁለቱ ስብራቶች እርስ በርሳቸው ተጠማዝዘው ገብተው አጥሮ ይገኛል። የስብራቱ ፊት ዘይት ለብሶ ስለሚጠቁር በቀላሉ ያመልጣል። የውስጠኛው ሞላ ብቻ ከተሰበረ ደግሞ ውጭኛው ይከልለዋል፤ ሲፈታ ብቻ ነው የሚታየው።

ሞላ ለመቀየር ቴስታታ ማውረድ ሁልጊዜ ግድ አይደለም። በካንዴላው ቀዳዳ የታመቀ አየር ወይም ንጹህ ገመድ ይገባል፤ ቫልቩ ወደ ታች እንዳይወድቅ ይደግፈዋል። በዚያው ቀዳዳ አስቀድሞ በካሜራ የፒስተኑን ራስ ማየት ያስፈልጋል። የግማሽ ጨረቃ ቅርጽ ያለው ምት ካለ ቫልቩ ታጥፏልና ቴስታታው ይወርዳል። ከሌለ ሙሉ ስብስቡ ይቀየር፤ የተቀሩትም በዚያው ዙር የሠሩ ናቸው። ዘይት ወደ ሲሊንደሩ እንዳይወርድ የሚከለክለው የቫልቭ ጎሚኒም («ሲል» የሚባለው) አብሮ ይቀየር፣ ቦታው አንዴ ተከፍቷልና። በቫልቩና በሚገፋው ክፍል መካከል ያለው ክፍተት ሞተሩ ቀዝቅዞ ይለካል፤ በኤስ2000 ማስገቢያው ከ0.21 እስከ 0.25 ሚሊ ሜትር፣ ማውጫው ከ0.25 እስከ 0.29። ከዚያ ገመዱ መውጣቱን አይቶ፣ ቁልፍ ከመዞሩ በፊት ሞተሩን በእጅ ሁለት ሙሉ ዙር ማዞር ነው።