ክሮስኦቨር የድብድብ ጌም ምንድን ነው? ለምንስ ይጣፍጣል?

ቴክን 3ን በፕሌስቴሽን የተጫወተ ሰው ጎን የሚባለውን ትንሽ ዳይኖሰር አይረሳውም። ቁመቱ ከተጋጣሚው ጉልበት ብዙም አይርቅም፤ የሚሰነዘርበት ቡጢ ሁሉ በአናቱ ላይ እያለፈ አየር ይመታል። በሰፈራችን ፕሌስቴሽን ቤት መጀመሪያ ሳየው የቴክን ልጅ መስሎኝ ነበር። እሱ ግን ከጃፓን የኮሚክ መጽሐፍ ተጋብዞ የመጣ እንግዳ ነው። ያን ጊዜ ስሙን ባላውቀውም ክሮስኦቨርን የተዋወቅሁት በእሱ ነው።

ክሮስኦቨር ማለት የየራሳቸው ታሪክና ዓለም ያላቸው ገጸ ባሕርያት በአንድ ሥራ ውስጥ ሲገናኙ ነው። በድብድብ ጌም አንዳንዴ እንደ ጎን አንድ እንግዳ ብቻ ብቅ ይላል፤ አንዳንዴ ደግሞ ጌሙ ከመነሻው ለግንኙነቱ ይሠራል። የጃፓኑ ጌም ሠሪ ኤስኤንኬ በ1994 (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ዘ ኪንግ ኦፍ ፋይተርስን ሲያወጣ የተለያዩ ጌሞቹን ተዋጊዎች ሦስት ሦስት አድርጎ በቡድን አሰለፈ። ሌላው የጃፓን ጌም ሠሪ ካፕኮም በ1996 የኤክስ ሜን ጀግኖችን ከስትሪት ፋይተር ሰዎች ጋር አጋጠመ። ከሁሉም የሰፋው የኒንተንዶው ሱፐር ስማሽ ብራዘርስ (ባጭሩ ስማሽ) ነው። በ1999 በ12 ተዋጊዎች ጀምሮ፣ በ2018 የወጣው አልቲሜት በኋላ የተጨመሩት ሲቆጠሩ 89 ደርሷል።

ታዲያ ደስታው ከብዛቱ ነው? አይመስለኝም። መልቲቨርሰስ ባትማንንም በግስ በኒንም አንድ ላይ ሰብስቦ በግንቦት 2024 በይፋ ተከፈተ፤ በግንቦት 2025 ተዘጋ። ታዋቂ ፊት መሰብሰብ ሰውን አንድ ቀን ያስመጣ ይሆናል፤ በማግስቱ እንዲመለስ የሚያደርገው ሌላ ነገር ነው። እኔ ሁለት ነገር ነው እላለሁ። እንግዳው የራሱን ሕግ ይዞ መምጣቱ አንዱ ነው። ሌላው፣ ጨዋታው ደካማውን ተጫዋች እስከ መጨረሻው ይዞ መቆየቱ።

የመጀመሪያውን በምሳሌ ላሳይ። ቴክን 7 ላይ ከስትሪት ፋይተር የመጣው አኩማ አለ። የቴክን ሰዎች ተጠግተው በእጅና በእግር ነው የሚዋጉት። አኩማ ግን ከሩቅ የእሳት ኳስ ይወረውራል፤ የቴክን የቆዩ ተዋጊዎች የሌላቸውን የኃይል መለኪያም ይዞ ገብቷል። ከእሱ ጋር የሚገጥም ሰው የለመደውን ርቀት ትቶ እንደ አዲስ ማሰብ ይገደዳል። የአኩማን መልክ ብቻ ወስደው የቴክንን ቡጢ ቢሰጡት ኖሮ ልብስ የቀየረ የቴክን ሰው ይሆን ነበር።

ስማሽ በዚህ በኩል የሚያስደንቅ ጥንቃቄ አለው። ከፓንች አውት የመጣው ሊትል ማክ ቦክሰኛ ነው፤ ስለዚህ መሬት ላይ ኃይለኛ ነው፣ አየር ላይ ግን ምቱ ሁሉ ደካማ ነው። ቦክሰኛ ከመሬት ሲነሳ ምን ሊያደርግ ይችላል? ከርቢ በራሱ ጌም እንደሚያደርገው ተጋጣሚውን ስቦ ይውጥና ችሎታውን ይወስዳል። የስትሪት ፋይተሩ ርዩ ደግሞ እንደማንኛውም ሰው በአንድ ቁልፍ ሃዱከን የሚባለውን የኃይል ኳሱን ሊወረውር ይችላል፤ ነገር ግን በድሮው ጌም እንደነበረው ጆይስቲኩን ከታች ወደ ፊት አዙሮ ቁልፉን የተጫነ ሰው የበለጠ ጠንካራ ምት ያገኛል። ከብዙ ዓመት በፊት ጣት የተማረውን ነገር ጌሙ ያስታውሰዋል። ይህን ያሰበ ሠሪ ተጫዋቹን ያከብራል፤ እኔ ለዚህ ዓይነት ሥራ ትልቅ ፍቅር አለኝ።

ሁለተኛው ነገር የተጀመረው ከአንድ ሰው ጸጸት ነው ማለት ይቻላል። የስማሽ ፈጣሪ ማሳሂሮ ሳኩራይ እንደተናገረው፣ አንድ ቀን በጌም ቤት ዘ ኪንግ ኦፍ ፋይተርስ 95ን ሲጫወት ከማሽኑ ማዶ የነበረውን ተጋጣሚ ያለ ርኅራኄ ያሸንፈዋል። ቀና ብሎ ሲያይ ገና ጀማሪ የሆኑ ጥንዶች ናቸው። ደስታቸውን እንደወሰደባቸው ገባው። ድብድብ ጌም ረጅም የምት ሰንሰለት ላልሸመደደ ሰው በሩ መዘጋቱን ያየው ያኔ ነው። ከዚያ፣ በኋላ የኒንተንዶ ፕሬዝዳንት ከሆነው ከሳቶሩ ኢዋታ ጋር በትርፍ ጊዜያቸው አራት ሰው የሚጫወተው የሙከራ ጌም ሠሩ። ተዋጊዎቹ መጀመሪያ ስም የለሽ ነበሩ። ሳኩራይ የኒንተንዶን ገጸ ባሕርያት ማሪዮን፣ ዶንኪ ኮንግን፣ ሳመስንና ፎክስን ያስገባቸው ፈቃድ ሳይጠይቅ ነው፤ ለኒንተንዶ ያሳየው ጌሙ ጥሩ ሆኖ ከወጣ በኋላ ነው።

ያ ሙከራ ያመጣው ትልቁ ለውጥ የሕይወት መስመርን ማስቀረቱ ነው። በተለመደው ድብድብ ጌም እያንዳንዱ ምት ከሕይወትህ ይቀንሳል፤ ባዶ ሲሆን አለቀ። በስማሽ ግን ከዜሮ የሚጀምር ፐርሰንት አለ፤ በተመታህ ቁጥር ይጨምራል። ፐርሰንትህ ሲያድግ ቀጣዩ ምት ይበልጥ ያርቅሃል። የምትሸነፈው ከመድረኩ ክልል ውጭ ስትወረወር ነው። ስለዚህ 150 ላይ ያለ ሰው አልሞተም። ከጠርዙ ውጭ ተወርውሮም ዘሎ፣ የመድረኩን ጫፍ ይዞ፣ ተንጠልጥሎ ሊመለስ ይችላል። በዚያች ቅጽበት ክፍሉ ውስጥ ያለው ሁሉ ይጮሃል፤ የሚጫወተው ብቻ አይደለም፣ ተራውን የሚጠብቀውም።

ቁልፉም ቀላል ነው። ለ89ኙም ዋናዎቹ ሁለት ናቸው፤ አንዱ መደበኛ ምት፣ አንዱ ልዩ ችሎታ። ልዩነት የሚያመጣው የምትገፋው አቅጣጫ ነው። የአንዱን ሰው አጨዋወት ያወቀ የሌላውን መጀመር አያቅተውም። የእኛ ሰፈር ልጆች ቴክን 3 ላይ ኤዲ ጎርዶን ይወዱ የነበረውም በዚሁ ምክንያት ነበር። የእርግጫ ቁልፎቹን እያከታተሉ ብቻ ቢጫኑ እንኳ የሚያምር ካፖዌራ (ጭፈራ የሚመስል የብራዚል የትግል ስልት) ይወጣቸዋል። አዋቂዎቹ ይናደዱ ነበር። እኔ ግን ከጀማሪዎቹ ጋር ነኝ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ጆይስቲክ የያዘ ልጅ በአምስት ደቂቃ ውስጥ አንድ የሚያምር ነገር ካላየ ለሁለተኛ ጊዜ አይመጣም።

አራት ሰው ሲሆን ደግሞ ጨዋታው ሌላ መልክ ይይዛል። በፕሌስቴሽን ቤት ልማድ የተሸነፈ ይነሳል፤ አንድ ጎበዝ ካለ ከሰዓት በኋላውን ሙሉ ወንበሩን ይዞ ይውላል። አራት ሆነው ሲጫወቱ ግን ሦስቱ ሳይመካከሩ እንኳ መሪው ላይ ይዘምቱበታል። ደካማው ጥግ ይዞ ሁለቱ ጎበዞች እስኪጎዳዱ ይጠብቅና በመጨረሻ ይገባል። ከሰማይ የሚወርደው መዶሻና ቦምብም አለ። በውድድር ይህ ሁሉ ይጠፋል፤ ሁለት ሰው ብቻ፣ ዕቃ የለም፣ ወጣ ገባ ያልበዛበት መድረክ። ሁለቱም ትክክል ናቸው ብዬ አምናለሁ። በ2001 የወጣው የስማሽ ጌም ሚሊ በ2013 ኢቮ በተባለው ትልቅ ውድድር ላይ የተካተተው ወዳጆቹ ለጡት ካንሰር ምርምር በተደረገ የልገሳ ፉክክር ከ94,000 ዶላር በላይ አዋጥተው አንደኛ ስለወጡ ነው። የ12 ዓመት ጌም ነበር። ቀላል በሩን አልፎ የገባ ሰው ውስጡ ጥልቅ ሆኖ ባያገኘው ኖሮ ይህን ያህል አይቆይም ነበር።

በኢንተርኔት ሲሆን ደስታውን የሚያበላሸው መዘግየት ነው። ድብድብ ጌም በሰከንድ 60 ምስል ያሳያል፤ የአንድ አሥረኛ ሰከንድ መዘግየት ማለት ስድስት ምስል ማለት ነው፤ ስድስት ምስል ደግሞ ምት ለመከላከልና ለመመታት ያለው ልዩነት ነው። መፍትሔው ሮልባክ የሚባል ዘዴ ነው። ጌሙ የወዳጅህን ቁልፍ ቁጭ ብሎ አይጠብቅም፤ ቅድም የተጫነውን እንደቀጠለ ገምቶ ጨዋታውን ይቀጥላል፤ ግምቱ ከተሳሳተ በቅጽበት ወደ ኋላ ተመልሶ ያርማል። ብዙ ጊዜ ዓይን አይለየውም። ያም ሆኖ አዲስ አበባ ያለ ሰው ዋሽንግተን ካለ የአክስቱ ልጅ ጋር ሲገጥም ርቀቱ መሰማቱ አይቀርም፤ ውቅያኖስ የሚያቋርጠውን ሲግናል ፕሮግራም አያፈጥነውም።

ስማሽ በኒንተንዶ ማሽኖች ላይ ብቻ ስለሚሠራ፣ ቤቱ ኒንተንዶ ለሌለው ሰው መጀመሪያ የምጠቁመው ስማሽን የሚመስለውን ብሮውልሃላን ነው። በነጻ ይጫናል፤ ከ2020 ጀምሮ በስልክም ይሠራል። ላራ ክሮፍትና ሬይማን ከሌሎች ጌሞች የመጡ እንግዶቹ ናቸው። የጉዳቱን መጠን በቁጥር ሳይሆን በቀለም ያሳያል፤ ከነጭ ተነስቶ ወደ ቀይ እየጠቆረ ይሄዳል። ቀይ ሆኖ ጠርዝ ላይ የቆመ ተጋጣሚ ካያችሁ አንድ ጠንካራ ምት ይበቃዋል፤ እናንተ ቀይ ከሆናችሁ ደግሞ ከጠርዙ ራቁና መሀል መድረኩን ያዙ።