ሎክ ምንድን ነው? ግድብም አይደለም፣ ፓምፕም አይደለም

የእንግሊዟ ሊድስ ከተማ ዲሴምበር 26 ቀን 2015 በጎርፍ ስለመጥለቅለቋ በተነሳ ቁጥር አንድ ክርክር አብሮ ይነሳል፦ «ከባቡር ጣቢያው አጠገብ ያለው ሎክ በጊዜ ተከፍቶ ቢሆን የኤር ወንዝ ትርፍ ውሃውን ወደ ቦዩ ያፈስ ነበር።» ይህን የሚለው ሰው ውሃው ሽቅብ እንዲፈስ እየጠየቀ ነው። ሎክ ጀልባን ከዝቅተኛ ውሃ ወደ ከፍተኛ፣ ከከፍተኛም ወደ ዝቅተኛ የሚያሻግር ነው፤ ስህተቱ ደጋግሞ የሚመጣው የግድብ በር ወይም የውሃ መሳቢያ አድርጎ ከማሰብ ነው።

መጀመሪያ ቦታው። የሊድስና ሊቨርፑል ቦይ በሕግ የተፈቀደው በ1770 ነው (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በ1777 ሊድስ ላይ ከኤር ወንዝ ጋር ተገናኘ፤ ሙሉው ርዝመት ግን ያለቀው በ1816 ነው። 204 ኪሎ ሜትር ይረዝማል፣ በዋናው መስመር ላይ 91 ሎኮች አሉት። ቁጥር 1 የሆነው ሪቨር ሎክ ግራነሪ ዋርፍ ላይ፣ ወንዙና ቦዩ በሚገናኙበት ቦታ ይገኛል። ከሎኩ በላይ ያለው ቦይ ነው፣ ከሎኩ በታች ያለው ወንዝ። ክርክሩን የሚዘጋው ይኸው «በላይ» እና «በታች» ነው።

ሎክ በሁለቱም ጫፍ በር ያለው የግንብ ክፍል ነው። ጀልባ ሊወጣ ሲል ክፍሉ እስከ ታችኛው ውሃ ልክ ይጎድልና ጀልባው ይገባል፤ የታች በሮች ይዘጋሉ፤ የላይኛው መልቀቂያ (ውሃ የሚያሳልፈው ትንሽ መዝጊያ) በእጅ ማንሻ ይከፈትና ክፍሉ ይሞላል፤ ውሃው ከላይኛው ጋር ሲስተካከል የላይ በር ተከፍቶ ጀልባው ይሄዳል። ሲወርድ የዚህ ግልባጭ ነው። በዚህ ሁሉ ውስጥ ፓምፕ የለም። ጀልባውን የሚያነሳው ከላይ የወረደው ውሃ ነው።

ዋናው ነገር እዚህ ላይ ነው። ቦዩን እንደ ጎተራ፣ ሎኩን እንደ ቁና እንየው። ጎተራው ያለው ቦዩ ከባሕር ወለል 148 ሜትር በሚደርስበት ከፍታ ላይ ነው፤ ፎልሪጅ አካባቢ ባሉ ማጠራቀሚያዎች ይሞላል፤ ከዚያ ውሃው ወደ ምሥራቅ ለሊድስ፣ ወደ ምዕራብ ለሊቨርፑል ይወርዳል። አንድ ጀልባ በሎክ ባለፈ ቁጥር አንድ ቁና ውሃ ከላይኛው እርከን (በሁለት ሎኮች መካከል ካለው የቦይ ክፍል) ወደ ታችኛው ይሰፈራል፣ ጀልባው ወጣም ወረደ። ሊድስ ላይ የመጨረሻው ቁና ወንዝ ውስጥ ይገለበጣል፤ ያ ውሃ አይመለስም። ስለዚህ ይህ መገናኛ የቦዩ ጅራት እንጂ አፉ አይደለም። ወንዙ ቦዩን አይመግብም፤ ቦዩ ነው ወንዙ ላይ የሚያፈስሰው።

የቁናውን ልክ ማስላት ቀላል ነው። 19 ሜትር ርዝመትና 4.4 ሜትር ወርድ ባለው ክፍል ውስጥ ውሃው 3 ሜትር ከፍ ቢል 250 ሜትር ኩብ ገደማ፣ ማለትም 250 ሺህ ሊትር ይሆናል። ጎተራው ሲጎድል መንገዱ ይዘጋል፤ በ2010 ድርቅ ከዊጋን እስከ ጋርግሬቭ ያለው ሰፊ ክፍል የተዘጋው የማጠራቀሚያዎቹ ውሃ ስላለቀ ነበር።

«ትልቅ ጀልባ ብዙ ውሃ ይበላል» የሚለውም ትክክል አይደለም። በመልቀቂያው የሚያልፈው ውሃ የሚወሰነው በክፍሉ ስፋትና በሚነሳበት ከፍታ ነው። ጀልባው ተንሳፍፎ ያለ ስለሆነ በክብደቱ ልክ የገፋው ውሃ ሲገባና ሲወጣ ከቦታ ቦታ ይዘዋወራል እንጂ ቁናውን አያሳድገውም። ቁጠባው ያለው ሌላ ቦታ ነው። 2.1 ሜትር ወርድ ያላቸው ሁለት ጠባብ ጀልባዎች ጎን ለጎን ቢገቡ አንድ ቁና ለሁለት ይበቃል። አንዱ ከወጣ በኋላ ክፍሉ ሞልቶ ሳለ ሌላው ቢወርድበትም እንዲሁ።

ይህ የመፈራረቅ ደንብ ግን ለነጠላ ሎክ ብቻ ነው። በደረጃ ሎክ፣ ማለትም የአንዱ የላይ በር የሚቀጥለው የታች በር በሆነበት፣ ነገሩ ይገለበጣል። በዚሁ ቦይ ላይ በ1774 የተከፈተው የቢንግሊ ባለ አምስት ክፍል ደረጃ ሎክ ጀልባን 18 ሜትር ያህል ያነሳል። ወጪ ጀልባ ሲያልፍ ክፍሎቹ ሁሉ ሞልተው ይቀራሉ፤ ወራጅ ሲያልፍ ሁሉም ጎድለው ይቀራሉ። አንዱ ወጥቶ ሌላው ወርዶ እንደገና ሌላ ቢወጣ፣ ባዶዎቹን ክፍሎች ለመሙላት ብዙ ቁና ይሄዳል። ስለዚህ እዚያ ብዙ ጀልባዎችን በአንድ አቅጣጫ ተራ በተራ ማሳለፍ ነው የሚያዋጣው። የቁናው ምሳሌም እዚህ ላይ ይሰነጠቃል፤ አምስት ቁና ተያይዞ አይሰፈርም።

አሁን ወደ ጎርፉ እንመለስ። የሎክ በሮች ጥንድ ሆነው ሾጣጣቸውን ወደ ላይኛው ውሃ ያዞራሉ፤ ውሃው ራሱ እያጣበቀ ይዘጋቸዋል። ውሃው በ10 ሴንቲ ሜትር ብቻ ቢበላለጥ እንኳ 5 ካሬ ሜትር ውሃ የነካውን በር ግማሽ ቶን በሚያህል ኃይል ይጫነዋል፤ ሰው በትከሻው ሊከፍተው አይችልም። በግድ ቢከፈት ደግሞ የቦዩ ውሃ ሞልቶ ወደሚጋልበው ወንዝ ይጨመራል። ወንዙ የቦዩን ከፍታ ቢደርስስ? ያኔ በሮቹ በተቃራኒ ይገፋሉ፣ ሾጣጣቸውም አያግዛቸውም። ይህ በሚያሰጋበት መገናኛ ሾጣጣቸውን ወደ ወንዙ ያዞሩ ተጨማሪ የጎርፍ በሮች ያስፈልጋሉ። ደግሞም ከሪቨር ሎክ በላይ ያለው የቦዩ እርከን ብዙም ሳይርቅ ሁለተኛው ሎክ፣ ኦፊስ ሎክ፣ ላይ ያበቃል። የኤርን ጎርፍ የሚውጥ ቦታ የለውም።

የወንዙን ከፍታ የሚቆጣጠረው ወንዙን አግድም የሚያቋርጠው ዝቅተኛ ግድብ ነው። ሊድስ ውስጥ ክራውን ፖይንት እና ኖስትሮፕ ላይ ተንቀሳቃሽ ግድቦች ተሠርተው በ2017 ሥራ ጀምረዋል፤ አየር የተሞሉ ከረጢቶች ደግፈው ያቆሟቸዋል፣ ጎርፍ ሲመጣ አየሩ ወጥቶ ግድቡ ዝቅ ይላል። በመርከብ በሚሄዱበት ወንዝ ላይ ከእንዲህ ያለው ግድብ ጎን ሎክ ስለሚሠራ ሁለቱ ይምታታሉ። ግድቡ ውሃውን ይይዛል፤ ሎኩ ጀልባውን ያሳልፋል።

በሎክ ውስጥ ጀልባ የሚሰምጠው አብዛኛውን ጊዜ ሲወርድ ነው። ከላይኛው በር ሥር ወደ ክፍሉ የሚወጣ የድንጋይ ደፍ አለ። የጀልባው ኋላ ደፉ ላይ ከተቀመጠ ውሃው ሲጎድል ኋላው ተሰቅሎ ይቀራል፣ አፍንጫው ይዘቀዘቃል፣ ውሃ ይገባል። ስለዚህ ግንቡ ላይ ከተሠመረው ነጭ ምልክት ወደፊት ቀድሞ መቆም ግድ ነው። ጀልባው ከተሰቀለ መጀመሪያ የታች መልቀቂያዎችን መዝጋት፣ ቀጥሎ የላይኛውን ቀስ ብሎ መክፈትና ውሃውን መመለስ ነው። በመውጣት ላይ የሚያሰጋው የላይኛውን መልቀቂያ በአንዴ ሙሉ በሙሉ መክፈት ነው፤ ሞገዱ ጀልባውን ወደኋላ ወስዶ ወደፊት ያላትመዋል። ጨርሶ ሲወጣም መልቀቂያውን ክፍት ትቶ የሚሄድ ሰው የላይኛውን እርከን በአንድ ሌሊት ሊያደርቀው ይችላል።

ከቦዩ ወደ ኤር የሚወርድ ደግሞ ከመግባቱ በፊት የወንዙን የከፍታ ሰሌዳ ማየት አለበት። ውሃው አረንጓዴ ላይ ከሆነ ይኬዳል፣ ቢጫ ላይ ጥንቃቄ ይጠይቃል፣ ቀይ ላይ አይኬድም። ሞተር ሲጠፋ በቦይ ውስጥ ጀልባው ባለበት ይቆማል፤ በወንዝ ላይ ግን ወደ ግድቡ ይወሰዳል። መልህቁ በሰንሰለቱ ታስሮ ዝግጁ መሆን ያለበት የሎኩ የታች በር ከመከፈቱ በፊት ነው።